ባለ ሁለት ጭራው ብር

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው አባባ ቱፋ ከሚባሉ ብር አንጥረኛ እሳት ዳር ነበር። ቤታችን ናዝሬት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው፤ የእሳቸው መሥሪያ ደግሞ ከአጥራችን ጋር የተያያዘች፣ ሦስት ጎኗ ቆርቆሮ፣ አንድ ጎኗ ክፍት የሆነች ዳስ ነገር ነበረች። የናዝሬት ነፋስ ያኔም እንደ ዛሬው ከሰዓት በኋላ አቧራውን ይዞ ይነሣና አመሻሹ ላይ ጋብ ይላል፤ አባባ ቱፋ ከሰላቸውን የሚያያይዙት ነፋሱ ሲበርድ ነው። የግራር ከሰል ሽታ አጥሩን አልፎ ሲመጣ እኔ እናቴ የሰጠችኝን ሥራ ግማሹን ሠርቼ፣ ግማሹን ትቼ እበር ነበር። እናቴም «ይቺ ልጅ አንጥረኛ ሳታገባብኝ አትቀርም» እያለች ትተርበኝ ነበር።

የአንጥረኛ ሥራ የራሱ ወግ አለው። ከመቂ፣ ከዝዋይ፣ ከቡልቡላ እየመጡ አምባር ወይም ድሪ የሚያሠሩ ሰዎች ብሩን የሚያመጡት ራሳቸው ናቸው፤ ጠገራ፣ የድሮ የንጉሥ ብር፣ የተሰበረ አልቦ። ታዲያ ባለ ብሩ ብሩ ቀልጦ እስኪፈስ ድረስ ከእሳቱ አጠገብ አይነሣም። ያኔ ሰው አንጥረኛን ብር ይለውጣል፣ መዳብ ይቀላቅላል እያለ ያማ ስለነበር፣ ተቀምጦ ማየት የባለ ብሩ መብት ነው፤ አስቀምጦ ማሳየትም የአንጥረኛው ክብር ነው። አንድ የመቂ ሽንኩርት ነጋዴ ሽንቱ ወጥሮት እግሩን ሲያፋትግ አምሽቶ፣ ብሩን ትቶ ከመነሣት እዚያው መቸገርን እንደመረጠ አስታውሳለሁ። በሳቅ ልንሞት ነበር።

ሰው ደግሞ ዝም ብሎ እሳት ሲያይ ይሰለቸዋል። ስለዚህ አባባ ቱፋ እያንዳንዱን ብር ማቅለጫዋ ሸክላ ውስጥ ከመክተታቸው በፊት በጣታቸው ይዘው ወደ ፋኖሱ ያስጠጉና፣ አገላብጠው አይተው፣ ስለ እሱ አንድ ነገር ያወራሉ። እኛ ልጆቹ ተረት የምንለው ይህንን ነበር። እንደ ሌላው ሰው «ተረት ተረት» ብለው አይጀምሩም፤ ወናፉን ሁለት ጊዜ ነፋ ነፋ አድርገው «ይቺ ደግሞ…» ይላሉ፣ በቃ፣ እኛም ጸጥ ነው።

ጠገራው ላይ ያለችው ደልደል ያለች ሴትዮ ባል ፍለጋ ባሕር ተሻግራ የመጣች ናት ይሉ ነበር። በየገበያው እየዞረች ወንዱን ሁሉ ብታየው ብታየው አንድም የሚሆናት አጣች፤ ወደ አገሯ መመለሱም አሳፈራት፤ ከሴቶቻችን አንገት ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። የንጉሡ ዘመን ስሙኒ ጠርዙ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለበትም ምክንያት ነበረው። መጀመሪያ ስሙኒ ክብ ነበር፤ ቀይ መዳብ። አንድ ብልጣ ብልጥ ነጭ ነገር ቀባውና ሃምሳ ሳንቲም ነው ብሎ ዝዋይ ዓሣ ሊገዛበት ሄደ። የዓሣ ሻጩ እጅ እርጥብ ነበርና ቅቡ መዳፉ ላይ ቀረ፤ ጉዱ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው መንግሥት ስሙኒን ዙሪያዋን ያስነከሳት፣ ዓይነ ስውር እንኳ በጣቱ ዳብሶ እንዲያውቃት። ይህ ከሰፈራችን ልጅ እስከ አዋቂ ሁሉም የሚያውቀው ተረት ነበር። ትልቅ ሰው ሆኜ ያቺን ክብ ስሙኒ በእጄ ይዤ ሳያት ግን ለካ ሁሉም ተረት አልነበረም ብዬ ገረመኝ።

ሳንቲም መሰብሰብ የጀመርኩት ግን ገና ልጅ ሳለሁ ነው። ደርግ ገንዘቡን ለውጦ አዲሶቹ ሳንቲሞች ወጥተው ነበር፤ ባንድ ወገን የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ወገን እንደየዓይነታቸው በበሬ የሚያርስ ገበሬ፣ ጠመንጃ የያዘ ወታደር፣ የደጋ አጋዘን። የንጉሡ መልክ ያለባቸው ከገበያ እየጠፉ ስለነበር፣ ሰው ቤት የተረሳ ሳንቲም ካገኘሁ ለምኜ ወስጄ በሻይ ቆርቆሮ አስቀምጥ ነበር። ከዓይነቱ ይልቅ የሚያጓጓኝ ልዩነቱ ነው። ሁለት ባለ አንድ ሳንቲሞችን ጎን ለጎን አድርጌ የአንዱ በሬ ቀንድ ደብዝዞ የሌላው ጎልቶ ሳይ፣ አጥር ዘልዬ አባባ ቱፋን እጠይቃለሁ። እሳቸው ሳቅ ብለው፣ ሳንቲሙን የሚመታው ማኅተም እንደ ማረሻ ነው፣ ሲያርስ ሲያርስ ያልቃል፣ በመጨረሻ የሚወጣው ሳንቲም ከመጀመሪያው ጋር አንድ አይሆንም ይሉኝ ነበር። «ኢንተለ ኮ፣ ጥሩ ዓይን አለሽ» ይሉኛል፣ ልጄ ለማለት ነው፤ እኔም ያን ቀን እራት አያስፈልገኝም።

ከተረቶቻቸው ሁሉ አንዱን ሲያወሩ ግን ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። አባታቸውም አንጥረኛ ነበሩ። እኚያ አባታቸው በወጣትነታቸው አንድ የንጉሥ ብር እጃቸው ገባ፤ ዘውድ የጫነው አንበሳ ሁለት ጭራ ነበረው። ማኅተሙ አንዴ ወርዶ፣ ብሩ ሳይነሣ ሸርተት ብሎ፣ ዳግመኛ ወርዶበት ነው። ባለቤቱ ማስቀለጡን ትቶ ብሩን ይዞ ሄደ። አባትየው ይህን ባወሩ ቁጥር ሰው ይስቅባቸው ነበር፤ ብር ሲያቀልጥ ዓይኑ የቀለጠ ብለው ስም አወጡላቸው። «እኔም አላመንኳቸውም» ይሉ ነበር አባባ ቱፋ፤ «አባባ ይተውት፣ ሰው ይስቅብናል ብያቸዋለሁ። በዚያው ሞቱ።» ከዚያ ወዲህ የንጉሥ ብር እጃቸው በገባ ቁጥር መጀመሪያ የሚያዩት ጭራውን ነው። ስንትና ስንት አንበሳ በእጃቸው አልፎ ሁሉም ባለ አንድ ጭራ ሆነባቸው።

አሁን የእናቴን ነገር ልንገራችሁ።

አባቴ ባቡር ላይ ይሠራ ነበር፤ እኔ ገና ፊደል ስቆጥር ታሞ ሞተ። እናቴን ሲያገባ ከጥሎሹ ጋር በገመድ የተሰካ ጠገራና የንጉሥ ብር አምጥቶላት ነበር። ጥሎሽ ሲመጣ ደግሞ ወጉ ይታወቃል፤ ዘመድ አዝማዱ በተሰበሰበበት እያንዳንዱ ዕቃ ከፍ እየተደረገ ይታያል፣ የሙሽራዋም ወገን እንከን ይፈልጋል። ያን ዕለት የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ደምሴ፣ ከብሮቹ አንዱን አንሥቶ አየና «ይቺ ደግሞ የማን እጅ ሥራ ናት?» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ፎርጅድ ናት ማለቱ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ፤ ሽማግሌዎቹ ነገሩን በቀልድ ቢያልፉትም እናቴ ግን ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ቀረች። አባቴን አንድ ቀን አልጠየቀችውም። ያቺን ብር አንድ ቀን አገላብጣ አላየቻትም። በጨርቅ ጠቅልላ ከሌሎቹ ለይታ አስቀመጠቻት፤ እሱም ሞተ፣ ጥያቄውም ከእሷ ጋር ቀረ።

እህቴ ዘነበች ልታገባ ቀኑ ሲቆረጥ፣ እናቴ ብሮቹን አስቀልጣ አምባር ልታሠራላት ወሰነች። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ አጎቴ ደምሴም ሊመጣ ነው። እናቴ ያሰበችው ያቺ ብር ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅላ፣ እሳት ውስጥ ገብታ፣ ሳትታይ እንድትጠፋ ነበር። ይህን በኋላ ራሷ ነግራኛለች። ምስኪን፣ አባባ ቱፋ ብር ሳያዩ እንደማያቀልጡ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ሐሳብ ሲይዝ ሰው የሚያውቀውንም ይረሳል።

ሰዓት እላፊ ነበርና ገና ሳይመሽ ነው የሄድነው። ፋኖሱ በርቷል፣ ከሰሉ ቀልቷል፣ አንዲት የቡልቡላ ሴት ተራዋን ትጠብቃለች። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ዱካው ላይ ተቀመጠች፤ እኔም ከአጠገቧ። አባባ ቱፋ ብሮቹን አንድ በአንድ እያነሡ፣ እያወሩ፣ ወደ ጎን ይደረድሩ ጀመር። እናቴን ሊያስቋት ስለፈለጉ የባል ፈላጊዋን ሴትዮ ተረት አስረዝመው ነገሯት። ከዚያ ያቺን አነሡ። ወደ ፋኖሱ አስጠጓት። ጣታቸው ላይ አንከባለሏት፣ በኩታቸው ጫፍ ወለወሏት፣ እንደገና አስጠጓት፤ ከሌሎቹ ጋር ግን አልደረደሯትም።

እናቴም አየች። ፊቷ ሲጠቁር ትዝ ይለኛል።

«አስካለ ልጄ» አሏት፣ «ይህን አላቀልጥልሽም። የእኔን ሁለት ጠገራ በምትኩ ልስጥሽ።»

ልብ አድርጉ፤ ከዚህ የበለጠ መጥፎ ነገር ሊናገሩ አይችሉም ነበር። አባባ ቱፋ የሰፈሩን ሁሉ ገመና ሲሸፍኑ የኖሩ ደግ ሰው ናቸው፤ መዳብ ያመጣችላቸውን ድሀ ሙሽራ ሰው ፊት እንዳትዋረድ ከራሳቸው ብር ጨምረው እንደሸኟት እናቴ ታውቃለች። አሁንም ገመናዬን እየሸፈኑልኝ ነው ብላ አሰበች። ሁለት ጠገራ ለአንድ ብር የሚሰጥ ማን አለ? ፎርጅድ ባትሆን ኖሮ ለምን? ደግነታቸው ራሱ ማስረጃ ሆነባት።

አባባ ቱፋ ገባቸውና የአባታቸውን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯት፤ ማኅተሙን፣ መሸርተቱን፣ ሰው ሁሉ መሳቁን። ብሩን መቀጥቀጫው መስፍ ላይ ጣል አድርገው ድምፁን አሰሟት፤ እንደ ሌሎቹ ጥርት ብሎ ጮኸ። ጠርዙን በሞረድ ፋቅ አድርገው አሳዩአት፤ ነጭ ነው። እናቴ ግን የተቀባ ስሙኒም ነጭ ነው አለች። ከሳቸው የተማረችው ተረት እኮ ነው! «ተረቱን ለልጆቹ ይንገሩ፣ አባባ ቱፋ» አለቻቸው። «ባሌ አታሎኝ እንደሆነ ልወቅ። ይቅለጥ።»

እርሳስ ወይም ቆርቆሮ ገና ትኩሳቱ ሲነካው ይንጠባጠባል፣ ይጨሳል፣ አመድ ያወጣል፤ ብር ግን ይታገሣል፣ ይቀላል፣ በመጨረሻ ጠርቶ ይፈሳል። ይህን እሳት ዳር የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። እናቴ የምታምነው ይህን ብቻ ነበር፤ የሰው ቃል ከበቃት ቆይቷል። አባባ ቱፋ እምቢ እንዳይሉ ደግሞ ባለ ብሩ አዛዥ ነው፤ የሰው ብር አላቀልጥም፣ ለእኔ ይሁን ያለ አንጥረኛ እሳት ዳር ነገ ማን ይቀመጣል? የቡልቡላዋ ሴት አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እናቴን ታያለች። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ለማንም አላዘንኩም ነበር፤ ያቺን ጭራ ለማየት ብቻ ነበር የምቁነጠነጠው።

ለጥቂት ጊዜ ብሩን በመዳፋቸው ጨብጠው ተቀመጡ። ምን እያሰቡ እንደነበር ዛሬ ይገባኛል። አንዲቱ ብር ሁለት ሙት ነፃ ልታወጣ መጥታለች፤ የእሳቸውን አባት ነፃ ለማውጣት ደህና ሆና መቆየት አለባት፣ የእኔን አባት ነፃ ለማውጣት መቅለጥ አለባት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ኢንተለ ኮ፣ ነይ እስኪ እይ» አሉኝ። «ጭራው ስንት ነው?»

አየሁ። አንበሳው ባንዲራውን ተሸክሞ አንድ እግሩን አንሥቷል። ጭራው ወደ ላይ ተጠቅልሎ ወጥቷል፤ ከእሱ ሥር ደግሞ፣ ቀጠን ብሎ፣ በክር ውፍረት ያህል ራቅ ብሎ፣ ሌላ ጭራ አብሮት ይጠቀለላል። ባንዲራው ጫፍ ላይም ጥላ ነገር አለ፤ የእግሩ ጥፍር ድርብርብ ነው። ሁለት ነው አልኩ። የቡልቡላዋንም ሴት ጠርተው አሳዩአት፤ እሷም ጎንበስ ብላ አይታ «ለማ» አለች፤ በኦሮምኛ ሁለት ማለት ነው። እናቴንም እይው አሏት። እናቴ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጎትታ ወደ ቆርቆሮው ዞረች። ብታየው የባሏን ውርደት የምታይ መስሏት ነው።

ብቻውን ቀለጠ። ሌሎቹን ወደ ጎን አድርገው፣ ባዶዋን ሸክላ ፍሙ ውስጥ ቀብረው፣ ብሩን በጉጠት አስገቡት፤ ወናፉንም ራሳቸው ነፉት። አልተንጠባጠበም። አልጨሰም። ቆየ፤ ጠቆረ፣ ከዚያ ቀላ፣ አንበሳው ቀይ ሆኖ ለአፍታ ከመቼውም ይልቅ ጎልቶ ታየ። ጠርዙ መርጠብ ሲጀምር መጀመሪያ የሄደው ጭራው ነው። ከዚያ ሁሉም ተሰብስቦ አንዲት የጠራች ኳስ ሆነ፤ ላይዋ የፋኖሱን መብራት እየመለሰ ይንቀጠቀጣል።

አባባ ቱፋ ወናፉን ለቀቁ። «ብር ነው፣ አስካለ» አሉ። «አላታለለሽም።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ለእሷ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም፣ «አባቴም አላታለለኝም» አሉ። እናቴ ከዱካው ወርዳ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አባቴ ሲሞት እንዲህ ስታለቅስ አላየኋትም። ባሏን ያን ቀን ነው የቀበረችው ብል ይቀለኛል። እሳቸው ከዚያ በኋላ የቀሩትን ብሮች ሲያቀልጡ አንድም ነገር አላወሩም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

አምባሩ ደርሶ አማረ። አጎቴ ደምሴ ለሠርጉ ሲመጣ እናቴ ገና እግሩ እንደገባ፣ ውሃ ሳይቀርብለት፣ ያቺ ብር ፎርጅድ አልነበረችም፣ ሰው ፊት በእሳት ተፈትናለች አለችው። ስንት ዓመት ያዘጋጀችውን ንግግር በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው። አጎቴ ባርኔጣውን እንደያዘ ግራ ገብቶት ቆመ። «የቷ ብር?» አላት። የተናገረውን ጨርሶ አያስታውስም ነበር። ማለ ተገዘተ፣ አንድም ነገር አላልኩም አለ፤ አማቹን ይወደው እንደነበር፣ ጥሎሹም ያማረ እንደነበር ነው የሚያስታውሰው። እናቴ ሄዳ ውሃውን አቀረበችለት።

አባባ ቱፋ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ሠሩ። የንጉሥ ብር ሲመጣላቸው ግን ጭራውን ቀድመው ማየት ተዉ፤ እኔ ነኝ በትከሻቸው በኩል አንገቴን አስግጌ የማየው። እስከ ዛሬም አልተውኩም። አዳማ ገበያም፣ አዲስ አበባም የድሮ ገንዘብ የሚሸጡ ሰዎች ያውቁኛል፤ መነጽሬን ሳወጣ ይጠቃቀሳሉ። ማኅተሙ ዳግመኛ የወረደበት ብር አለ ወይ ብዬ የጠየቅኳቸው ሰብሳቢዎች አንዳንዶቹ ሊኖር ይችላል ይላሉ፣ አብዛኞቹ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም ብለው ይስቃሉ። አይቻለሁ እላቸዋለሁ። የታለ ሲሉኝ በእህቴ እጅ ላይ እላለሁ፤ ያኔማ የባሰ ይስቃሉ።

እናቴ አሁን አርጅታ ከእኔ ጋር ናት፤ ዓይኗም ደክሟል። መብራት ሲጠፋና ሻማ ስናበራ፣ እንዲያው ድንገት፣ እስኪ ያን ጭራ ንገሪኝ ትለኛለች። እነግራታለሁ፤ ወደ ላይ እንደተጠቀለለ፣ ሁለተኛው ቀጠን ብሎ ከሥሩ እንደሚሄድ፣ ጥፍሮቹ ድርብ እንደነበሩ። ያየሁትን ብቻ ነው የምነግራት፤ በዚህ እልኸኛ ነኝ፣ ሳንቲም ላይ አንድ መስመር ያልነበረውን ነበር አልልም። ስጨርስ፣ እንዲያ ያለ ነገር በእጄ ይዤ ሳላየው ቀረሁ ትላለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ላይ ይህን ብቻ ነበር የምትለው። እየቆየች ግን አባቴ ብሩን የሰጣት ሳያስተውል ይሁን ወይስ ከብዙ ብር መሐል ልዩነቱን አይቶ፣ ለእሷ ብሎ አስቀምጦት ይሁን መጠየቅ ጀመረች። እሱን የሚያውቅ ሰው የለም፤ አላውቅም፣ እማዬ እላት ነበር።

ባለፈው ሰሞን ሻማው ሊያልቅ ሲል እጄን ያዘችኝ። «መርጦ ነው የሰጠኝ፣ አይደል?» አለችኝ።

«መርጦ ነው፣ እማዬ» አልኳት።